እማዬ ትይዘው የነበረው ቦታ

ባለቤቴ በዓለም ላይ አብልጦ የሚፈራው እኔን እንደሆነ ለሰው ሁሉ ያወራል። ውሸቱን ነው። አብልጦ የሚፈራው ሬዚን ነው። ሬዚን ማለት ቀጠን ያለ ማር የሚመስል፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ ፈሳሽ ነው። ከብርጭቆ ክር በተሠራ ነጭ ጨርቅ ላይ እየተቀባ ሲደርቅ ፋይበርግላስ ይሆናል። ማጠንከሪያው ትንሽ ከበዛበት ይግላል፣ ይጨሳል፣ ይሰነጠቃል፤ ካነሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን እጅ ላይ እንደተጣበቀ ይኖራል። ስለዚህ ባለቤቴ በቀባ ቁጥር ከአጠገቡ አይርቅም። በአውራ ጣቱ ነካ ያደርገዋል፣ ዞር ይላል፣ ተመልሶ ነካ ያደርገዋል። እኔ ልጆቹን ሳምጥ እንኳ እንዲህ አልተንቆራጠጠም፤ ያኔ ከሆስፒታሉ ዘበኛ ጋር ስለ መኪና ሲጫወት ነበር አሉ።

ሙያውን የጀመረው የውሃ ታንከር በመጠገን ነው። ቀጥሎ ለልብስ ሱቆች የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ሠራ። ገዢ ያጣች አንዲት ጭንቅላት የሌላት ሴት ቤታችን ውስጥ ቆማ ከረመች። ስንጣላ «እሷ ትሻለኛለች፣ አፍ የላትም» ይለኝ ነበር፤ እኔም «እጅም የላትም፣ ማን እንደሚያበላህ እናያለን» እለው ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ፋብሪካው ከተዘጋ የቆየ አሮጌ መኪና ይዞ መጣ። የበሩ እጅ ማሳረፊያ ተሰብሮ ምትክ አጥቶለታል። ባለቤቴ ከስብርባሪው ላይ ቅርጹን አንሥቶ ቁርጥ አንድ ዓይነት አድርጎ ሠራለት። ወሬው ተዛመተና አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ሁሉ ደጁን መጥናት ጀመሩ። አንዱ ዳሽቦርድ ይላል፣ ሌላው የማርሽ ዙሪያ፣ ሌላው የበር የውስጥ ሽፋን። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሌለ ነገር እሱ ጋ አለ።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ጉዱ የፈላው ከዚሁ ነውና። አሮጌው ዕቃ ይታጠባል። ስንጥቁና ስርጉዱ ሁሉ ስቱኮ በሚባል ሊጥ መሳይ መሙያ ይሞላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈግና ይለሰልሳል። ከዚያ ሰም ተቀብቶ በላዩ ላይ፣ ከጠርዙ ሥር ሳይቀር፣ ፎርማ ይወሰዳል። አዲሱ ዕቃ የሚወጣው ከፎርማው ውስጥ ነው። ፎርማ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ አቧራም ፀጉርም ካገኘ ያንኑ ይቀዳል። ለዚህ ነው የባለቤቴ እጅ ስርጉድ ባየ ቁጥር ሳያዘው ወደ ስቱኮው የሚሄደው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ለላይኛው ገጽ ብቻ ነው። ከሥር በኩል ያለውን፣ ዓይን የማይደርስበትን፣ እንዳገኘው ይተወዋል። «ከሥር ማን ያያል?» ይላል። ቤት ሲጠርግም ያው ነው፣ አልጋ ሥር ማን ያያል። በዚህ ጉዳይ የተጨቃጨቅነው ሌላ ትዳር ያፈርስ ነበር።

አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ወደ ኋላ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና የራሱ አደረገ። እናቴ ከጎኑ ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላ። እናቴ ፍጥነት ትፈራለች፤ አባቴ ደግሞ ነዳጅ መስጠት ይወዳል። ኩርባ በመጣ ቁጥር ግራ እጇን ትዘረጋና ከፊቷ ያለውን የዳሽቦርዱን ጠርዝ ትይዛለች።

«ቀስ በል» ትላለች።

«መሪው ያለው እኔ ጋ ነው።»

«ቀስ በል እባክህ።»

«ፈሪ ለእናቱ» ብሎ ይስቅባታል።

«እናቴማ የለችም። የምፈራው ላንተ ነው» ትለዋለች።

ይስቃል እንጂ ቀስ ብሎ አያውቅም። እሷም መያዟን አልተወችም። በዚያ ሁሉ ዓመት ከስፖንጅ የተሠራው ጠርዝ እየጎደጎደ ሄዶ አራት ጣት የሚያስተኛ ቦታ ሆነ።

እናቴ ስትሞት የአባቴም ዓይን ተከትሏት የሄደ ይመስል እየደከመ መጣ። ሐኪሙ መንዳት ከለከለው። መኪናዋ ግን አልተሸጠችም። ግቢ ውስጥ እንደቆመች ከሰዓት በኋላ ይገባባትና መሪው ጋ ይቀመጣል፤ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያሳርፋል። ጎረቤቶች «ዛሬ ጉዞ ወዴት ነው?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም «ሩቅ ነው» ይላቸዋል። ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም። አባት ከልጁ ጋር ስለ ሚስቱ እጅ አያወራም።

ባለቤቴ ይህን አያውቅም። እሱ አማቱን ሲያይ ላብ ላብ ይለዋል፤ ከነሱ ቤት ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ አያውቅም። ነገሩ የጀመረው እኔን ለትዳር ሊጠይቅ የመጣ ዕለት ነው። አባቴ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለው። «ፋይበር» አለ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲለው ምላሱ ተሳሰረና «እንደ ሙጫ ነገር ነው» ብሎ መለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ሙጫው ነው። ስለዚህ ፀሐይ ዳሽቦርዱን ሰነጣጥቃው ፍርፋሪው በአባቴ ሱሪ ላይ መርገፍ ሲጀምር፣ ባለቤቴ የዘመናት ዕድሉ የመጣለት መሰለው።

«አባባ፣ እኔ አዲስ ልሥራልዎ» አለ።

አባቴ ሱሪው ላይ የረገፈውን ፍርፋሪ አራገፈ። በኋላ «እስቲ ውሰዳት» አለ። መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ ከግቢው ስትወጣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ባለቤቴ በደስታ እየተፍነከነከ ነበር። ለማንም ያልሠራሁትን እሠራላቸዋለሁ ብሎ ማለ። እንደማለውም አደረገ፣ እሱ ነው ክፋቱ።

አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ስልኬ ጠራ። አባቴ ነው። ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ደህና እንደሆነ ነገርኩት። ስልኩን ይዘጋል ስል ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናትሽ የምትይዘው ቦታ አለ አይደል» አለ። «እሱን እንዳይነካብኝ ንገሪው። ሌላውን እንደፈለገ ያድርገው።»

«እነግረዋለሁ፣ አባባ።»

«እሷን የማገኝበት ሌላ ቦታ የለኝም» አለና ዘጋው።

እርጥቡን ልብስ ሳፋው ውስጥ ጥዬ ወጣሁ። መንገዱን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ብቻ በጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። ወርክሾፑ ስደርስ ማራገቢያው እየጮኸ ነው፤ ነጩ የብርጭቆ ብናኝ ከቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ፀሐይ ላይ ይንሳፈፋል። ባለቤቴ ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ፣ እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ አዲሱ ዳሽቦርድ ተጋድሟል።

«በትክክለኛው ሰዓት መጣሽ» አለኝ። «እስቲ እጅሽን አሳልፊበት።»

እጄን አሳለፍኩበት። ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እንቅፋት የለውም። የእናቴ ቦታ ላይ ደርሼ አለፍኩት፤ ተመልሼ መጣሁ፤ ደግሜ አለፍኩት።

«እዚህ ጋ ጎድጎድ ያለ ነገር አልነበረም?»

«ነበር እንጂ። በደንብ ሞላሁት። ልዩነቱን ማንም አያውቀውም።»

«አሮጌው የት አለ?»

«ከፎርማው ሳላቅቀው ተፈረካከሰ፣ ስፖንጁ አርጅቶ። ከቆሻሻው ጋር ተወሰደ።»

ነገርኩት። አባቴ ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት። ባለቤቴ የሬዚኑ በርሜል ላይ ቁጭ አለና ክንዱን ማከክ ጀመረ። የብርጭቆው ብናኝ ቆዳ ውስጥ ስለሚገባ ሁልጊዜ ያሳክከዋል፤ ያን ቀን ግን እስኪደማ አከከው። ተቆጥቼ ነበር የመጣሁት፤ ሳየው ቁጣዬ ሁሉ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ምክንያቱም እሱን ብሰድበው የጠፋው አይመለስም፣ ለአባቴ የሚነግረውም እኔው ነኝ።

ከጎናችን የሚሠራው መኪና ቀቢ ነገሩን ሰምቶ ብቅ አለ። ምክር ሳይጠየቅ መስጠት ይወዳል።

«ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል አይደል? ዝም በሉ» አለ።

«እጃቸው ግን ያያል» አለ ባለቤቴ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት አይነሡ። እሱ «አንቺ ንገሪው፣ አባትሽ ነው» ይላል። እኔ «አንተ ንገረው፣ ሥራህ ነው» እላለሁ። ማዕድ ቀርቦ ሁለታችንም ሳህኑን እናያለን። አባቴ አንድ ቀን ደውሎ «ነገርሽው?» አለኝ። «ነገርኩት» አልኩ። ነግሬዋለሁ እኮ፤ ውሸት አልተናገርኩም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ከሆነ የኔው በየቀኑ እየከበደኝ የሄደው ምን ስለሆነ ነው?

በመጨረሻ ባለቤቴ መላ አመጣ። እኔን ሳይሆን ጓንቱን እያየ ነው የተናገረው።

«እጅሽ የእናትሽን ይመስላል ይሉ የለ?»

ይመስላል። አክስቶቼ ሁሉ ይሉታል። ጠመም ያለችው ትንሿ ጣቴ ሳትቀር የእሷ ናት። ያሰበው ሲገባኝ ደስ አላለኝም። የአባቴን ዓይን መድከም ተማምኖ የሐሰት እጅ መሥራት ነው። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና እሺ አልኩ።

ዳሽቦርዱን መኪናዋ ላይ ገጠመው፣ አያያዜ ትክክለኛ እንዲሆን። በቦታው ላይ ጠርዙን ከላይ በኩል በመፍጫ አሳሳው፤ ስቱኮ ቀላቅሎ ከላይ ለጠፈበት፤ ስስ ላስቲክ አለበሰው። እኔ በእናቴ ወንበር ተቀመጥኩ። ስቱኮ ከተቀላቀለ ጊዜ አይሰጥም፣ ወዲያው ይጠነክራል።

«ያዢ» አለኝ።

ያዝኩ።

«ይሄ የገበያ ዘንቢል አያያዝ ነው። እየፈራሽ ያዢ።»

«ካንተ ጋር መኖሬ አይበቃም?»

አልሳቀም። ስቱኮው ደረቀ፣ ልፍስፍስ ያለ እጅ ወጣበት፤ ፈገፈገውና እንደገና ቀላቀለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ። ሁለተኛውን ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናቴ በየኩርባው እንዴት እንደምትሆን ላስብ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። የመጣልኝ አባቴ ነው። መሪው ጋ ተቀምጧል፣ ቀኝ እጁን ይዘረጋል፣ እዚያ ቦታ ይደርሳል፣ ምንም የለም። ያኔ እጄ በራሱ ተጨበጠ።

«እንደሱ። እንዳትለቂው» አለ ባለቤቴ።

ስቱኮው እየጠነከረ ሲሄድ በጣቶቼ ሥር ሞቀ። ፍርሃቴ ነው የሚሞቀው አልኩ ለራሴ። አውራ ጣቴ ከጠርዙ ሥር ነበር፤ እዚያ ጋ አንድ ሸካራ ነገር ቆረቆረኝ።

«ከሥር ዛሬም አላስተካከልከውም» አልኩት። «ይቆረቁራል።»

«ከሥር ማን…» ብሎ ጀመረና አማቱን አስቦ መሰለኝ አቋረጠው። ብርጭቆ ወረቀት አነሣ። ጎንበስ ሊል ሲል የስቱኮው ጫፍ ሲሰነጠቅ አየና ወደዚያ ተወረወረ። ወረቀቱ ከእጁ ወድቆ ወንበሩ ሥር ገባ። እኔም ላስታውሰው ነበር፤ በጭንቀት ረሳሁት። በማግስቱ መኪና ቀቢው መጥቶ ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ነፋበት። ከላይ ላየው ሰው እናቴ ትናንት የወረደች ይመስላል።

አባቴን ላመጣው የሄድኩ ዕለት ተላጭቶ፣ ኮቱን አስተኩሶ ጠበቀኝ። ታክሲ ውስጥ ክንዴን ይዞ ተደላድሎ ተቀመጠ። እንደዚያ ተረጋግቶ ከማየው ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ኮቱን ሳየው መልሼ ዘጋሁት።

ወርክሾፑ ስንደርስ መኪና ቀቢው ኮምፕረሰሩን አጥፍቶ ከአንድ ቆሞ ከቀረ መኪና ጀርባ ጠፋ። ምክሩን ሰጥቶ የሚሸሽ ሰው አይጥፋ። ባለቤቴ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። አባቴ በሩን በእጁ ፈልጎ አገኘ፣ ገባ፣ ተቀመጠ። መሪውን ነካ። ማርሹን ነካ። የዳሽቦርዱን መሃል ቀስ ብሎ ዳሰሰ።

«ለስላሳ ነው» አለ። «እጅ አለህ ለካ፣ ሙጫው።»

ባለቤቴ ይህን ቃል ለዘመናት ሲጠብቅ ነበር። ሲሰማው ፊቱ አመድ ሆነ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ…»

«ቆይ» አለው።

እጁ ወደ ቀኝ ሄደ። ጣቶቹ ጉድጓዱ ጋ ደረሱ፣ ገቡበት፣ ቆሙ። ማራገቢያው ይጮሃል። እኔ የበሩን ጠርዝ ይዣለሁ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አለ።

ባለቤቴ ወደ ኋላ ያጣመረውን እጁን ፈታ።

«የኔ ነው፣ አባባ» አልኩ። «የእሷን ሳያውቅ ሞልቶታል። አሮጌውም ተጥሏል። ልንነግርህ ፈርተን ነው።»

ይጮህብናል ብዬ ነበር። አልጮኸም፤ እጁንም ከቦታው አላነሣም። ጣቶቹን በየጣቶቼ ቦታ አንድ በአንድ አስገባ።

«በጣም ፈርተሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«እናትሽ ከላይ እንዲህ አጥብቃ አትይዝም። ጣል ነው የምታደርገው። ለኔ እንዳይታወቅባት ነው።» ጣቶቹን ላላ አድርጎ አሳየኝ። «ጉልበቷ አውራ ጣቷ ላይ ነበር።»

ይህን ሲል አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ ከጠርዙ ሥር ገባ። ከዚያ ትከሻው ሁሉ ቀጥ አለ። ጣቱን ወዲያ ወዲህ አደረገው፤ መልሶ እዚያው አቆመው። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴን የቀበርን ዕለት ብቻ ነው፤ አሁን ዓይኑ ሞላ።

«ሙጫው።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ከሥር ያለውን ምን አደረግከው?»

ባለቤቴ አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ ብሎ ወደኔ ተመለከተ። «አልነካሁትም» አለ ቀስ ብሎ። «ከሥር ማን ያያል ብዬ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከአባቴ ጣት አጠገብ አስገባሁ። ያ የቆረቆረኝ ሸካራ ነገር ነው። ያላለቀ ሥራ መስሎኝ ነበር። አሁን ተረጋግቼ ስዳስሰው የአውራ ጣት ጉብጠት አለው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ጥፍር የቆፈራት ጠባብ መስመር አለች። እናቴ በየኩርባው የቆፈረቻት ናት። አሮጌው ሲፈረካከስ ፎርማው ይህችን ይዞ ቀርቷል። ባለቤቴ ጎበዝ ቢሆን ኖሮ ይህችም አትኖርም ነበር።

«ይህን ስንፍናህን እግዜር ይባርክልህ» አለው አባቴ።

ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞረ። ክንዱን ሊያክክ ጀመረና ተወው፣ በሸሚዙ እጅጌ ፊቱን ጠረገ። እኔ የወደቀውን ብርጭቆ ወረቀት ከወንበሩ ሥር አንሥቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አባቴ ከመኪናዋ አልወረደም። ሞተሯ አልተነሣም፣ ከፊቷ ያለው የወርክሾፑ ግድግዳ ነው። ግራ እጁን መሪው ላይ አደረገ። የቀኝ አውራ ጣቱ ከጠርዙ ሥር፣ እናቴ ቦታ ላይ ነው። አንድ ሰው ከጎኑ የተናገረው ይመስል ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«እሺ» አለ። «ቀስ እላለሁ።»